ከውጭ ዕቃ ከማዘዝዎ በፊት፦ ማጓጓዣና ቀረጥን አስልቶ የማዘዝ ዝርዝር መመሪያ

«80 ዶላር ብዬ ያዘዝኩት ጫማ እንዴት ከ180 ዶላር በላይ ወጣበት?» አዲስ አበባ ውስጥ በኦንላይን ከሚያዝዙ ሰዎች እንዲህ ያለ ጥያቄ በተደጋጋሚ እሰማለሁ። ሰው የሚያየው ስልኩ ላይ የተጻፈውን ዋጋ ነው። የሚከፍለው ግን ዕቃው እጁ እስኪገባ ያለውን ወጪ በሙሉ ነው። በመሃል ማጓጓዣ አለ፣ ቀረጥ አለ፣ በላዩ ላይ የሚደራረብ ታክስ አለ፣ የአገልግሎት ክፍያም አለ። አብዛኛው ከመክፈልዎ በፊት በካልኩሌተር ሊሰላ ይችላል።

ይህ መመሪያ ከአሊኤክስፕረስ፣ ከአማዞን፣ ከኢቤይ ወይም ከመሰል ገበያ ለግሉ አንድ ሁለት ዕቃ ለሚያዝዝ ሰው ነው። በኮንቴይነር ለሚያስመጣ ነጋዴ አይሆንም። ከደረጃ 1 እስከ 6 ያለው በሙሉ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የሚሠራ ነው። ከተከፈለ በኋላ ማስተካከል የሚቻለው ነገር ትንሽ ስለሆነ ቅደም ተከተሉን አይዝለሉ።

ከመጀመርዎ በፊት ያዘጋጁ

- መታወቂያ፦ ፋይዳ፣ ፓስፖርት ወይም የታደሰ የቀበሌ መታወቂያ። ትዕዛዙ ላይ የሚጽፉት ስም ከዚህ ጋር በፊደል አንድ መሆን አለበት። መታወቂያው ላይ የአያት ስም ካለ ትዕዛዙም ላይ ይኑር። ቤት የሚጠሩበትን ስም አይጻፉ።
- የሚሠራ ስልክ ቁጥር። ዕቃው እስኪደርስ የማይቀይሩት ይሁን።
- በውጭ ምንዛሪ የሚሠራ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ። ካርዱ ለኦንላይን ክፍያ ክፍት መሆኑን ባንክዎን አስቀድመው ይጠይቁ።
- የስሌት ወረቀት። ስልክ ላይ ያለ ማስታወሻም ይበቃል። የሚያገኙትን ቁጥር ሁሉ እዚያ ላይ ያስፍሩ።

ደረጃ 1፦ ዕቃው ሊገባ የሚችል መሆኑን ያረጋግጡ

ዋጋ ከማየትዎ በፊት ይህን ይጨርሱ። ፈቃድ የሚጠይቅ ዕቃ ያለ ፈቃድ ከመጣ ይያዛል። እርስዎ ቀረጡን ለመክፈል ፈቃደኛ መሆንዎ ምንም አይለውጥም።

በተደጋጋሚ የሚታገዱት እነዚህ ናቸው፦

- ድሮን። ካሜራ ያለውም የሌለውም። ከኢንሳ (ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር) ፈቃድ ሳያገኙ አይዘዙ። «የልጅ መጫወቻ ነው» የሚለው የሻጩ ማስታወቂያ እዚህ አይሠራም።
- የሬዲዮ መገናኛ፣ የሳተላይት ስልክ፣ ሲግናል ማጠናከሪያ። ጉዳዩ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።
- መድኃኒት፣ ቫይታሚን፣ የክብደት መቀነሻ፣ የቆዳ ክሬም እና ሌላ ኮስሞቲክስ። ጉዳዩ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ሰው «ቅባት ነው እኮ» ብሎ ያዝዛል፤ ቅባቱም ቁጥጥር አለበት።
- ዘርና ችግኝ። የግብርና ባለሥልጣን ፈቃድ ይጠየቅባቸዋል።
- ለብቻው የሚላክ የሊትየም ባትሪና ፓወር ባንክ። ይህ ከጉምሩክ በፊት አውሮፕላን ላይ የሚቆም ነው። የሊትየም አዮን ባትሪ ለብቻው በመንገደኛ አውሮፕላን ጭነት እንዳይሄድ ዓለም አቀፉ የአቪዬሽን ሕግ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክሏል። ስልክ ወይም ላፕቶፕ ውስጥ የተገጠመ ባትሪ በሌላ ደንብ ስለሚታይ ይሄዳል።

እግረ መንገድዎን የኤሌክትሪክ ዕቃ ከሆነ ቮልቴጁን ይዩ። እኛ ጋ 220 ቮልት ነው። ከአሜሪካ የሚሸጥ ብሌንደር ወይም የፀጉር ካውያ «110» ወይም «120» ብቻ የሚል ከሆነ ይተዉት። «100–240» የሚል ከሆነ ሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃዋል። ጥሩ ዋጋ ከፍሎ፣ ቀረጥ ከፍሎ፣ ቤት ሲሰካ የሚቃጠል ዕቃ ከማየት የሚያሳዝን ነገር የለም።

ደረጃ 2፦ ክብደቱን ብቻ ሳይሆን ስፋቱንም ይለኩ

የማጓጓዣ ዋጋ በሁለት መንገድ ይሰላል። አንደኛው ሚዛን ላይ የሚታየው ክብደት ነው። ሁለተኛው ዕቃው የሚይዘው ቦታ ነው። ፈጣን መልእክት አድራሾች ሁለቱን አስልተው ትልቁን ያስከፍላሉ።

ስሌቱ እንዲህ ነው፦

1. የካርቶኑን ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት በሴንቲሜትር ይውሰዱ።
2. ሦስቱን ያባዙ።
3. ለ5000 ያካፍሉ። ዲኤችኤል፣ ፌዴክስና ዩፒኤስ በዓለም አቀፍ ጭነት ላይ የሚጠቀሙበት ማካፈያ ይህ ነው።

ምሳሌ። ካርቶኑ 50 በ40 በ30 ሴንቲሜትር ነው። ሲባዛ 60,000 ይሆናል። ለ5000 ሲካፈል 12 ኪሎ። ውስጡ ያለው አሻንጉሊት ሚዛን ላይ 4 ኪሎ ቢሆንም የሚከፈለው የ12 ኪሎ ነው። ትራስ፣ የሕፃን ጋሪ፣ የመብራት ሼድ፣ ጫማ ከነካርቶኑ፣ ሁሉም በዚህ ይመታሉ።

ሻጩ የሚጽፈው ብዙ ጊዜ የዕቃውን ክብደት እንጂ የታሸገውን ክብደት አይደለም። ስለዚህ እንዲህ ብለው ይጻፉለት፦ «ከታሸገ በኋላ ክብደቱና የካርቶኑ ልክ ስንት ነው?» መልስ ካልሰጠ ሌላ ሻጭ ይፈልጉ። ጫማ ከሆነ ያለ ካርቶኑ እንዲልክ ይጠይቁት። ልብስ ከሆነ አየሩን አውጥቶ በላስቲክ ያሽገው።

ደረጃ 3፦ መንገዱን ይምረጡ

አራት መንገድ አለ።

ፖስታ። ርካሹና ቀርፋፋው ነው። ትናንሽ ጥቅሎች እስከ 2 ኪሎ ድረስ በዝቅተኛ ዋጋ ይላካሉ። ከዚያ በላይ ያለው በፓርስል ወይም በኢኤምኤስ (በፖስታ ቤቱ ፈጣን መላኪያ) ይሄዳል። ለመጽሐፍ፣ ለስልክ ሽፋን፣ ለልብስ ጥሩ ነው። ትራኪንግ (መከታተያ) ቁጥር የሌለውን የፖስታ ምርጫ ግን በፍጹም አይምረጡ። ሁለት ሦስት ዶላር ለመቆጠብ ሲባል ዕቃው ቢጠፋ የሚጠይቁበት ማስረጃ አይኖርዎትም።

ፈጣን መልእክት። ዲኤችኤል እና መሰሎቹ። ቀኑ አጭር ነው፤ የጉምሩኩን ሥራ በአብዛኛው እነሱ ይሠሩታል። በምላሹ ማጓጓዣው ውድ ነው፤ የጉምሩክ አገልግሎት ክፍያም ይጨምሩበታል። ይህን ክፍያ ዕቃው ከመጣ በኋላ ሳይሆን አሁን ደውለው ይጠይቁ፤ ስሌት ወረቀቱ ላይ ያስፍሩት።

ካርጎ። ጓንግዡ ወይም ዱባይ ላይ ዕቃ ሰብስበው በኪሎ ሂሳብ የሚያመጡ አሉ። ከብዙ ሻጮች የገዙትን በአንድ ላይ ለማምጣት ይመቻል። ከመስማማትዎ በፊት ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ። በኪሎ የተባለው ዋጋ ቀረጥን ይጨምራል ወይስ አይጨምርም? ዕቃው ቢጠፋ ስንት ይመለሳል? ቀረጥ የተከፈለበት ሰነድ ይሰጠኛል? ሦስተኛውን ጥያቄ ሲሰማ ነገር የሚያለባብስ ሰው ካጋጠመዎ ይለፉት። ቀረጥ ሳይከፈልበት የገባ ዕቃ ነገ ቢያዝ በእጁ የተገኘበት ሰው ይጠየቃል።

አሜሪካ ውስጥ አድራሻ የሚሰጡ ዕቃ አስተላላፊዎችም በዚሁ ይመደባሉ። ዴላዌርና ኦሪገን የሚገኙትን ቢመርጡ የክልል የሽያጭ ታክስ የለም። አንድ ጉዳት ግን አለው። በኢቤይ ሲገዙ ዕቃው መጀመሪያ ከተላከበት አድራሻ ወደ ሌላ ከተላለፈ የገንዘብ መመለሻ ዋስትናው ይቀራል። ስለዚህ አስተላላፊው ካርቶኑን ከፍቶ ፎቶ እንዲልክልዎ ያድርጉ።

ሰው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ወይም ወዳጅ። ሻንጣው ውስጥ ቦታ ካለው ማጓጓዣው ቀረልዎ ማለት ነው። ግን የእሱ ሻንጣ ቦሌ ላይ ይፈተሻል። አንድ ዓይነት ዕቃ በብዛት ከያዘ የንግድ ዕቃ ነው ተብሎ ይቀረጣል፤ የሚቸገረው እሱ ነው። ምን እንደያዘ ያሳውቁት፤ ደረሰኙንም ይላኩለት። ፓወር ባንክ ከሆነ በእጅ ቦርሳ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይሆንም። እስከ 100 ዋት ሰዓት (ባትሪው የሚይዘው ኃይል መለኪያ፣ Wh) ድረስ ያለ ችግር ያልፋል። 20,000 ሚሊአምፔር ሰዓት (mAh) ያለው ፓወር ባንክ በ3.7 ቮልት ሲሰላ 74 ዋት ሰዓት ነው። 30,000 ያለው 111 ስለሚሆን የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል።

ደረጃ 4፦ ቀረጡንና ታክሱን ያስሉ

ዋናው ሥራ ይህ ነው። ጊዜ ይስጡት።

ሀ. የዕቃውን የታሪፍ ቁጥር ያግኙ

እያንዳንዱ ዕቃ የታሪፍ ቁጥር አለው። ኤችኤስ ኮድ ይሉታል። የመጀመሪያዎቹ 6 አሃዞች በዓለም ዙሪያ አንድ ናቸው። እኛ ጋ 8 አሃዝ ነው። ሻጩን «የዚህ ዕቃ ኤችኤስ ኮድ ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ ከዚያ በኢትዮጵያ ጉምሩክ ኮሚሽን የታሪፍ መጽሐፍ ወይም በድረ ገጹ የታሪፍ መፈለጊያ ላይ የቀረጡን ምጣኔ (ከመቶ ስንት እንደሚከፈል) ይዩ።

የዕቃው ስም ብቻ አይበቃም፤ የተሠራበት ነገር ይወስናል። ላዩ ቆዳ የሆነ ጫማ ምድቡ 6403 ነው፤ ላዩ ጨርቅ የሆነው 6404 ነው። ሹራብ አሠራር ያለው ቲሸርት 6109 ነው። የጆሮ ማዳመጫ 8518 ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ከምን እንደተሠራ ገጹ ላይ የተጻፈውን ስክሪንሾት ያንሱ።

ለ. መነሻ ዋጋውን ይደምሩ

የዕቃው ዋጋ፣ ማጓጓዣና ኢንሹራንስ አንድ ላይ ይደመራሉ። ታክሱ የሚጀምረው ከዚህ ድምር ነው። ብዙ ሰው ቀረጥን በዕቃው ዋጋ ላይ ብቻ ያሰላና ይሳሳታል። ማጓጓዣውም ይቀረጣል።

ሐ. በቅደም ተከተል ያስሉ

1. የጉምሩክ ቀረጥ፦ መነሻ ዋጋው በታሪፉ ምጣኔ። ምጣኔው ከ0 ጀምሮ እስከ 35 በመቶ ይደርሳል።
2. ኤክሳይዝ ታክስ (በተመረጡ ዕቃዎች ላይ ብቻ የሚጣል ታክስ)፦ ያለበት ዕቃ ከሆነ፣ መነሻ ዋጋና ቀረጥ ተደምረው በሚመጣው ላይ።
3. ተጨማሪ እሴት ታክስ፦ 15 በመቶ፣ እስካሁን የተደመረው ሁሉ ላይ።
4. ሱር ታክስ (ከሌሎቹ በላይ የሚጨመር ታክስ)፦ 10 በመቶ፣ ተጨማሪ እሴት ታክሱም ከተደመረ በኋላ በሚመጣው ላይ።
5. የማኅበራዊ ዌልፌር ሌቪ፦ 3 በመቶ፣ በመነሻ ዋጋው ላይ ብቻ።

ከሱር ታክስ ወይም ከሌቪው ነፃ የሆኑ ዕቃዎች አሉ። ለንግድ የሚመጣ ከሆነ ዊዝሆልዲንግም (በቅድሚያ የሚያዝ የገቢ ግብር) ይጨመርበታል።

የጫማውን ምሳሌ እንሥራው። የጫማው ዋጋ 80 ዶላር ነው። ማጓጓዣ 38፣ ኢንሹራንስ 2 ዶላር። መነሻ ዋጋው 120 ዶላር ሆነ። ለስሌቱ ሲባል ምጣኔውን 20 በመቶ እናድርገው፤ ኤክሳይዝ የለበትም እንበል።

- ቀረጥ፦ 24 ዶላር። ድምር 144።
- ተጨማሪ እሴት ታክስ፦ 21.60። ድምር 165.60።
- ሱር ታክስ፦ 16.56።
- ሌቪ፦ 3.60።
- ቀረጥና ታክስ በአጠቃላይ፦ 65.76 ዶላር።
- ጫማው የሚያወጣው ጠቅላላ ዋጋ፦ 185.76 ዶላር።

መግቢያው ላይ የጠቀስኩት ከ180 በላይ የሆነው ሂሳብ የመጣው ከዚህ ነው። ማንም አላጭበረበረም። ታክሱ አንዱ በአንዱ ላይ ስለሚደራረብ ነው።

መ. ለጥድፊያ የሚሆን አቋራጭ

ኤክሳይዝ ለሌለበት ዕቃ መነሻ ዋጋውን ካገኙ በኋላ ጠቅላላ ቀረጥና ታክሱን በዚህ ይገምቱ፦

- ምጣኔው 0 ከሆነ፦ 29.5 በመቶ
- 5 ከሆነ፦ ወደ 35.8 በመቶ
- 10 ከሆነ፦ ወደ 42.2 በመቶ
- 20 ከሆነ፦ 54.8 በመቶ
- 30 ከሆነ፦ ወደ 67.5 በመቶ
- 35 ከሆነ፦ ወደ 73.8 በመቶ

«ቀረጡ ዜሮ ነው» ሲባል ምንም አይከፈልም ማለት እንዳልሆነ የመጀመሪያው መስመር ያሳያል። ቀረጥ ዜሮ ሆኖ ሌሎቹ ታክሶች ካሉ ከመነሻ ዋጋው ሲሶ የሚጠጋ ይከፈላል።

ከዚሁ ስሌት አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ምጣኔው 20 በመቶ በሆነ ዕቃ ላይ ለማጓጓዣ የሚጨምሩት 10 ዶላር ዕቃው እጅዎ ሲገባ 15.48 ዶላር ሆኖ ነው የሚወጣው። ፈጣኑ ማጓጓዣ ከፖስታው በ35 ዶላር ቢበልጥ እውነተኛው ልዩነት ከ54 ዶላር በላይ ነው። ካልቸኮሉ ፖስታው ያዋጣል የምለው ለዚህ ነው።

ሠ. ወደ ብር ይቀይሩ

ጉምሩክ የሚጠቀመው የራሱን ምንዛሪ ነው፤ የሚቆጠረውም ዲክላራሲዮን (ዕቃው ለጉምሩክ የሚገለጽበት ሰነድ) የቀረበበት ቀን እንጂ ያዘዙበት ቀን አይደለም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሪው በገበያ የሚወሰን ስለሆነ በሁለቱ ቀናት መካከል ሊለወጥ ይችላል። ከግምትዎ በላይ ትንሽ መጠባበቂያ ይያዙ።

ረ. እነዚህን አይመኑ

«ከ800 ዶላር በታች ቀረጥ የለውም» የሚል ነገር በየቪዲዮው ይሰማሉ። ያ ወደ አሜሪካ ለሚገባ ዕቃ የነበረ ሕግ ነው፤ እዚያም ከነሐሴ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ቆሟል። «ከ150 ዩሮ በታች ቀረጥ የለውም» የሚለውም የአውሮፓ ነገር ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ዕቃ በእኛ ሕግ ይታያል።

«ስጦታ ብዬ እጽፍልሃለሁ፣ 5 ዶላር ብዬ እጽፍልሃለሁ» የሚል ሻጭ አለ። እሺ አይበሉት። ጉምሩክ የተጻፈውን ዋጋ ካላመነበት ተመሳሳይ ዕቃ በገባበት ዋጋ ያሰላል። ሆን ተብሎ የተቀነሰ ዋጋ ቅጣትም አለው። ዕቃው ቢጠፋ ደግሞ ሊጠይቁ የሚችሉት የተጻፈችውን 5 ዶላር ነው።

«ነፃ ማጓጓዣ» የሚለውም ታክስ አይቀንስም። ማጓጓዣው ዋጋው ውስጥ ተካቷል።

ደረጃ 5፦ አወዳድረው ይወስኑ

አሁን ወረቀትዎ ላይ ጠቅላላ ዋጋ አለ። ከመክፈልዎ በፊት መርካቶ ወይም መገናኛ ይሂዱ፤ ካልሆነም ይደውሉ። ያው ዕቃ እዚህ ስንት ነው? ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ እዚህ ይግዙ። እዚህ ሲገዙ ለክተው፣ ነክተው፣ ሞክረው ነው፤ ቢበላሽም የሚመልሱበት ሱቅ አለ። ከውጭ የመጣ ዕቃ ልኩ ባይሆን መልሶ ለመላክ የሚወጣው ማጓጓዣ ከዕቃው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ማዘዝ የሚያዋጣው እዚህ የማይገኝ ወይም እዚህ ዋጋው በጣም የተጋነነ ዕቃ ሲሆን ነው።

ደረጃ 6፦ አድራሻውን በትክክል ይጻፉ

ለፖስታና ለፈጣን መልእክት የሚጻፈው አድራሻ ይለያያል።

ለፖስታ፦ ሙሉ ስም፣ ፖ.ሳ.ቁ.፣ አዲስ አበባ 1000፣ ኢትዮጵያ፣ ስልክ። የራስዎ ሳጥን ከሌለዎት የመሥሪያ ቤትዎን በፈቃድ ይጠቀሙ፤ ከስምዎ ሥር የመሥሪያ ቤቱን ስም ይጨምሩ። የሳጥኑ ዓመታዊ ኪራይ መታደሱንም ያረጋግጡ።

ለፈጣን መልእክት፦ ፖስታ ሳጥን ብቻውን አይበቃም። ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የሕንፃ ስም፣ ፎቅ፣ የቢሮ ወይም የቤት ቁጥር እና በአቅራቢያው ያለ የታወቀ ምልክት ይጻፉ። ምልክቱ ዛሬ የቆመ ይሁን። በኮሪደር ልማቱ ፒያሳና ካሳንችስ ላይ ብዙ የድሮ ምልክቶች ፈርሰዋል። ገበያው ላይ ከዓመታት በፊት ያስቀመጡት አድራሻ ካለ አሁን ያድሱት።

ስልኩን በ+251 ይጀምሩና ከፊት ያለውን ዜሮ ያውጡ። ይህች ትንሽ ነገር ናት፤ ግን ዕቃው ደርሶ ሊደውሉልዎ ያልቻሉበት ምክንያት ብዙ ጊዜ እሷ ናት።

ደረጃ 7፦ ይክፈሉ፣ ሰነዱንም ያስቀምጡ

በገበያው በራሱ ገጽ ላይ ብቻ ይክፈሉ። «በቴሌግራም እናውራ፣ እዚያ እቀንስልሃለሁ» ያለ ሻጭ ጋር ውይይቱን ይዝጉ። ከገጹ ውጭ የተከፈለ ገንዘብ ዋስትና የለውም።

እንደከፈሉ ወዲያውኑ እነዚህን ያስቀምጡ፤ ቢቻል ያትሙ፦

1. የዕቃው ስም፣ ብዛት፣ የአንዱ ዋጋና ማጓጓዣው ተለይቶ የተጻፈበት ኢንቮይስ።
2. ከካርድዎ ገንዘቡ የወጣበት ማስረጃ።
3. የሽያጩ ገጽ ስክሪንሾት፣ በተለይ ቅናሽ ካለ። ቅናሹ ካለፈ በኋላ ገጹ ላይ የሚታየው ዋጋ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ እርስዎ በትንሽ እንደገዙ ማሳያዎ ይህ ነው።
4. ከሻጩ ጋር የተጻጻፉት መልእክት።

ሻጩ ኢንቮይሱን ካርቶኑ ላይ እንዲለጥፍ ይንገሩት። በፖስታ ከሆነ ሲኤን 22 ወይም ሲኤን 23 የሚባለውን የጉምሩክ ቅጽ ይሞላል። ዕቃው ምን እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ። «ዕቃ» ወይም «ናሙና» ብቻ የሚል ካርቶን ለምርመራ ራሱን ያጋልጣል።

ደረጃ 8፦ ዕቃውን ይከታተሉ

የፖስታ ትራኪንግ ቁጥር 13 ምልክት አለው፦ ሁለት ፊደል፣ ዘጠኝ አሃዝ፣ ከዚያ የላኪው ሀገር ሁለት ፊደል። ቁጥርዎ እንዲህ ካልሆነ የሻጩ የውስጥ ቁጥር ሊሆን ይችላል፤ ፖስታ ቤት ሄደው ቢጠይቁበት አይገኝም። ሻጩን የመጨረሻውን ቁጥር ይጠይቁት።

በየሳምንቱ አንዴ ማየት ይበቃል። ዕቃው አዲስ አበባ ገባ ካለ ግን በየቀኑ ይዩ፤ ከዚያ ወዲያ የሚዘገይ ዕቃ የመጋዘን ኪራይ ሊቆጥርበት ይችላል።

እዚህ ላይ አጭበርባሪ ይገባል። «ዕቃዎ ተይዟል፣ በዚህ ሊንክ ይክፈሉ» የሚል መልእክት ቢደርስዎ ሊንኩን አይንኩ። ትራኪንግ ቁጥሩን ራስዎ ድረ ገጹ ላይ ያስገቡ ወይም ወደ ቢሮው ይደውሉ። ቀረጥ በግለሰብ ስም ባለ የባንክ ሂሳብ አይከፈልም። ፌስቡክ ላይ የተዋወቁት «የውጭ ሰው» ስጦታ ልኮልዎት ጉምሩክ ይዞታል ከተባለ ደግሞ ስጦታው የለም።

ደረጃ 9፦ ይረከቡ

በፖስታ ከሆነ ማስታወቂያ ወረቀት ሳጥንዎ ውስጥ ይገባል ወይም ይደወልልዎታል። ወደ ቸርችል ጎዳናው ዋና ፖስታ ቤት ይሂዱ። ጠዋት ቢሄዱ ይሻላል፤ ከሰዓት ከሄዱ ክፍያው ለነገ ሊያድር ይችላል። መታወቂያ፣ ማስታወቂያውን፣ ኢንቮይሱንና የክፍያ ማስረጃውን ይያዙ። ዕቃው ይከፈታል፣ ይታያል፣ ዋጋ ይወጣለታል። ከመክፈልዎ በፊት የታሪፍ ቁጥሩንና የተያዘውን መነሻ ዋጋ ከወረቀትዎ ጋር ያስተያዩ። ደረሰኝ ሳይቀበሉ አይውጡ።

በፈጣን መልእክት ከሆነ ክፍያውን በዝርዝር እንዲልኩልዎ ይጠይቁ። ቀረጥና ታክሱ ለብቻ፣ የእነሱ አገልግሎት ለብቻ ይታይ።

ከየትኛውም ቢረከቡ ካርቶኑን ሲከፍቱ በቪዲዮ ይቅረጹ። መጀመሪያ የታሸገበትን አድራሻ ያሳዩ፤ ሳያቋርጡ ይክፈቱ።

አንድ ነገር ከተበላሸ

የወጣው ዋጋ ከግምትዎ በጣም ከበለጠ። መጀመሪያ የታሪፍ ቁጥሩ ልክ መሆኑን ይጠይቁ። የጨርቅ ጫማ በቆዳ ምድብ ገብቶ ከሆነ የተሠራበትን የሚያሳየውን ስክሪንሾት ያቅርቡ። ቀጥሎ መነሻ ዋጋውን ይጠይቁ። ኢንቮይስዎን አልተቀበሉት ከሆነ የባንክ ማስረጃውን ያሳዩ። በትሕትና ግን በግልጽ ይጠይቁ፤ ተረኛው ሠራተኛ ካልፈታው ኃላፊውን ያነጋግሩ። አሁንም ካልተስማሙ በጽሑፍ ቅሬታ ለጉምሩክ ኮሚሽን ይቀርባል፤ ከዚያ በላይ የግብር ይግባኝ ሰሚ ኮሚሽን አለ። የ20 ዶላር ልዩነት ላይ እዚያ ድረስ መሄድ ግን አያዋጣም፤ መጋዘኑም ይቆጥራል።

ዕቃው ፈቃድ ይፈልጋል ተብሎ ከተያዘ። የትኛው መሥሪያ ቤት፣ ምን ዓይነት ደብዳቤ እንደሆነ በጽሑፍ ይቀበሉ። በቃል የተነገረ ይዘው አይሂዱ፤ መመላለሱ ያደክማል። ፈቃዱ የማይገኝ ከሆነ ወደ ላኪው መመለስ ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ።

ትራንዚተር (የጉምሩክ ሥራን በክፍያ የሚያስፈጽም ባለፈቃድ) ያስፈልግዎታል ከተባለ። ለትንሽ የግል ዕቃ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ካስፈለገ የፈቃድ ወረቀቱን ይዩ፤ ዋጋውን አስቀድመው ይነጋገሩ። በር ላይ ቆሞ «እኔ ቶሎ አስወጣልሃለሁ» ለሚል ሰው ሰነድም ገንዘብም አይስጡ።

ትራኪንጉ ከቆመ። ሻጩ «ትንሽ ይታገሡ» እያለ ቀኑን ሊያሳልፍብዎ ይችላል። ገበያው ላይ የገዢ ጥበቃው የሚያበቃበትን ቀን ይዩ፤ ከማብቃቱ በፊት ክርክር (ገንዘቤ ይመለስልኝ የሚል አቤቱታ) ይክፈቱ። ኢቤይ ላይ ዕቃው ይደርሳል ከተባለበት የመጨረሻ ቀን በኋላ 30 ቀን አለዎት። ክርክር ከከፈቱ በኋላ ሻጩ «ዝጋው፣ እልክልሃለሁ» ቢልም አይዝጉት። አንዴ ከተዘጋ ብዙ ጊዜ እንደገና አይከፈትም።

ዕቃው ተሰብሮ ወይም ሌላ ሆኖ ከመጣ። ቪዲዮውን፣ የካርቶኑን ፎቶና ክብደቱ የተጻፈበትን ተለጣፊ ይላኩ። ሻጩ «መልሰው ይላኩ» ካለ የመላኪያውን ዋጋ አስልተው ይንገሩትና በከፊል እንዲመልስልዎ ይደራደሩ። «ዕቃው ደርሶኛል» የሚለውን ቁልፍ ገንዘቡ ካርድዎ ላይ እስኪመለስ ድረስ አይጫኑ።